«ሲስተም የለም» መልስ አይደለም

«ሲስተም የለም።»

ባንክ ቤት የገባ፣ ውልና ማስረጃ የተሰለፈ፣ ነዳጅ ለመቅዳት የቆመ ሰው ሁሉ ይህችን ሁለት ቃል ያውቃታል። ከሰማት በኋላ የሚያደርገውንም ያውቃል፤ ወይ ወንበር ይፈልጋል፣ ወይ «ነገ ይምጡ» እስኪባል ይጠብቃል። ለምን ጠፋ? ከስንት ሰዓት ጀምሮ? መቼ ይመለሳል? ብሎ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። መስኮቱ ጀርባ የተቀመጠችው ሠራተኛም መልሱን አታውቅም። ሥራ አስኪያጁን ብትጠይቀው እሱም አያውቅም። እሱ ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት ሲደውል የሚሰማው «እየታየ ነው» የሚል ነው።

ማን እያየው ነው? በምን እያየው ነው? ቁም ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው።

«ሲስተም የለም» ሲባል ብዙ ጊዜ ሲስተሙ አለ። የሌለው ተቋሙ የራሱን ሲስተም የሚያይበት ዓይን ነው። ዓይኑ ደግሞ ከተሠራ ቆይቷል። ሶፍትዌሩ በነፃ ይገኛል፤ በየትኛውም የፕሮግራም ቋንቋ ለተጻፈ ሥራ ይሆናል። ዛሬ በዋናነት የጎደለው ቴክኖሎጂ ሳይሆን ተቋማትን «አሳዩ» ብሎ የሚያስገድድ ደንብ ነው። ደንቡ እስኪመጣ ድረስ የስህተቱን ዋጋ የሚከፍለው ስህተቱን የሠራው ሳይሆን ማስረጃ የሌለው ወገን ነው።

◾ ሃያ ሺህ ብር የሚሄድበት መንገድ

አንድ ምሳሌ ይወሰድ። ባሕር ዳር ያለ ባለሱቅ መርካቶ ላለ አከፋፋይ 20,000 ብር በስልኩ ይልካል። የሁለቱ ባንክ የተለያየ ነው። ለላኪው ሥራው አንዲት ቁልፍ መንካት ናት። ከጀርባው ግን ረጅም ቅብብሎሽ አለ።

መጀመሪያ የስልኩ አፕ አለ። የአንድሮይዱ በኮትሊን ወይም በጃቫ፣ የአይፎኑ በስዊፍት የተጻፈ ሊሆን ይችላል። ስማርት ስልክ የሌለው ሰው ደግሞ በአጭር ቁጥር፣ በዩኤስኤስዲ ይገባል፤ ያ መንገድ በቴሌኮሙ በኩል ያልፋል። ቀጥሎ ጥያቄውን ተቀብሎ የሚያጣራ የባንኩ መግቢያ በር አለ፤ ይህ በጎ፣ በጃቫ ወይም በሲ ሻርፕ ሊሠራ ይችላል። ከዚያ ሂሳቡ የተቀመጠበት ዋናው የባንክ ሲስተም ይመጣል፤ ብዙውን ጊዜ ከውጭ ኩባንያ የተገዛና የአገር ውስጥ ባለሙያ ውስጡን የማይከፍተው ነው። ገንዘቡ ወደ ሌላ ባንክ ስለሚሄድ ባንኮቹን በሚያገናኘው በኢትስዊች በኩል ያልፋል። ተቀባዩ ባንክ ደግሞ የራሱ በር፣ የራሱ ዋና ሲስተም፣ የራሱ ባለሙያዎች አሉት። በመጨረሻ «ሂሳብዎ ገቢ ተደርጓል» የምትለው መልእክት በሌላ ሲስተም ትላካለች።

ይህ ሁሉ በሰከንዶች ውስጥ ካለቀ ማንም ስለ መንገዱ አያስብም። አንድ ቀን ግን ከባሕር ዳሩ ሂሳብ ብሩ ይቀነሳል፤ መርካቶ አይገባም። ላኪው «ልኬያለሁ፣ ይኸው ተቀንሷል» ይላል። ተቀባዩ «አልገባልኝም» ይላል። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ስክሪንሾት ቢላክም ዋጋ የለውም፤ በሐሰተኛ ስክሪንሾት የተታለለ ነጋዴ ብዙ ስለሆነ ዛሬ ገበያው የሚያምነው የገባውን ብር ብቻ ነው። ላኪው ወደ ባንኩ ይደውላል፤ «በእኛ በኩል ችግር የለም» ይባላል። ተቀባዩም ወደራሱ ባንክ ይደውላል፤ እዚያም «በእኛ በኩል ችግር የለም» ነው መልሱ።

ሁለቱም ባንኮች ሆን ብለው ላይዋሹ ይችላሉ። እያንዳንዱ የሚያየው የራሱን ግቢ ነው። ብሩ የቆመው በሁለቱ ግቢዎች መካከል ባለው መንገድ ላይ ከሆነ ግን ማንም አያየውም። ዕቃው እስኪጫን ሲጠብቅ የዋለው ባለሱቅ፣ መሃል ላይ ወድቆ ይቀራል።

◾ ዱካውን የመከተል ጥበብ

ይህ ችግር የኢትዮጵያ ብቻ አይደለም። አንድን ሥራ በመቶዎች በሚቆጠሩ ትንንሽ ፕሮግራሞች የከፋፈሉ ትልልቅ የዓለም ኩባንያዎች ሁሉ ገጥሟቸዋል። መፍትሔው በእንግሊዝኛ «ኦብዘርቫቢሊቲ» ይባላል። ቃሉ ከምህንድስና የመጣ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1960 የሃንጋሪ ተወላጁ መሐንዲስ ሩዶልፍ ካልማን የአንድን ሥርዓት ውስጣዊ ሁኔታ ከውጭ ከሚታየው ምልክት ብቻ ማወቅ መቻልን ለመግለጽ ተጠቀመበት። በአጭሩ ከፍቶ ሳያዩ ውስጡን ማወቅ ማለት ነው።

ባለሙያዎቹ ሦስት ዓይነት ምልክት ይሰበስባሉ። የሚያውቁት ሰው ወደ ሆስፒታል ሲሄድ ከሚሆነው ጋር ማነጻጸር ይቻላል። አንደኛው ሎግ ነው፤ ሐኪሙ በካርዱ ላይ እንደሚጽፈው፣ ፕሮግራሙ «ይህን አደረግሁ፣ ይህ እምቢ አለኝ» እያለ የሚተወው ማስታወሻ። ሁለተኛው ሜትሪክ ነው፤ እንደ ሙቀትና እንደ ደም ግፊት በየጊዜው የሚለካ ቁጥር፦ በደቂቃ ስንት ክፍያ አለፈ፣ ስንቱ ወደቀ። ሦስተኛው ትሬስ፣ ማለትም ዱካ ነው። ሕመምተኛው ከካርድ ክፍል ወደ ሐኪም፣ ከሐኪም ወደ ላብራቶሪ፣ ከላብራቶሪ ወደ ፋርማሲ ሲሄድ በየቦታው ስንት ሰዓት ደርሶ ስንት ሰዓት እንደወጣ የሚያሳይ አንድ መስመር ነው። ሎጉና ሜትሪኩ በየክፍሉ ይቀራሉ። ከክፍል ክፍል አብሮ የሚሄደው ዱካው ብቻ ነው።

ዱካውን የሚቻል የሚያደርገው አንድ ቀላል ነገር ነው፦ ቁጥር። ጥያቄው ገና ከመነሻው ልዩ ቁጥር ይሰጠዋል፤ እያንዳንዱ ፕሮግራም ቁጥሩን ተቀብሎ፣ የራሱን ሰዓት መዝግቦ፣ ለሚቀጥለው ያቀብላል። ጉግል ዳፐር የተባለውንና በዚህ መንገድ የሚሠራውን የውስጥ መሣሪያውን እ.ኤ.አ. በ2010 በጽሑፍ አሳወቀ። ከዚያ ትዊተር ዚፕኪንን፣ ኡበር ዬገርን ሠርተው ለሕዝብ ለቀቁ። ሆኖም የተለያዩት መሣሪያዎች የየራሳቸው አሠራር ነበራቸው፤ አንዱ የሰጠውን ቁጥር ሌላው አያነበውም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2019 ኦፕንትሬሲንግ እና ኦፕንሴንሰስ የተባሉ ሁለት ተፎካካሪ ሥራዎች ተዋህደው ኦፕንቴሌሜትሪ ተወለደ። በ2020 ደግሞ የድረ ገጽ ደረጃዎችን የሚያወጣው ዓለም አቀፍ ማኅበር፣ ቁጥሩ ከፕሮግራም ወደ ፕሮግራም እንዴት እንደሚተላለፍ የሚወስን የጋራ ደረጃ አጸደቀ። የዱካው ቁጥር 32 ምልክት ያለው ሆነ፤ በጃቫ የተጻፈው ለፓይተን፣ ፓይተኑ ለጎ ሲያቀብለው አይለወጥም።

ይህ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ እንግዳ ሊመስል አይገባም። ልጇ ከዋሽንግተን ወይም ከሪያድ ገንዘብ የላከላት እናት በወረቀት የጻፈቻትን የዌስተርን ዩኒየን 10 አሃዝ ቁጥር ይዛ ባንክ ስትሄድ፣ የያዘችው ይኸንኑ ነው። ላኪውም፣ ድርጅቱም፣ ከፋዩ ባንክም የሚያውቁት አንድ ቁጥር። ገንዘቡ የት እንዳለ ለማወቅ ስለ ኮምፒውተር ማወቅ አላስፈለጋትም፤ ቁጥሩ በቂ ነበር። በባንኮች መካከል የሚደረገው ዓለም አቀፍ ዝውውርም እንዲሁ ነው፤ ስዊፍት እ.ኤ.አ. ከ2018 መጨረሻ ጀምሮ እያንዳንዱ የክፍያ መልእክት ከጫፍ እስከ ጫፍ የማይለወጥ አንድ መለያ እንዲይዝ አስገድዷል። ውቅያኖስ ለሚሻገር ዶላር ዱካ ከተገኘለት፣ ከባሕር ዳር መርካቶ ለሚሄድ ብር የማይገኝበት ምክንያት የለም።

◾ ተከላው ከባድ ነው?

እውነቱን ለመናገር፣ ከፊሉ ቀላል ነው፤ ከፊሉ አይደለም።

በጃቫ ለተጻፈ ሥራ አንዲት ፋይል ከፕሮግራሙ ጋር አብራ እንድትነሳ ማድረግ ብቻ ብዙውን ነገር ይጨርሳል፤ ኮዱን መንካት አያስፈልግም። ፓይተንና የማይክሮሶፍቱ ዶትኔትም ተመሳሳይ አቋራጭ አላቸው። በጎ ወይም በሲ ፕላስ ፕላስ የተጻፈ ሲሆን ግን በአብዛኛው ባለሙያው ኮዱ ውስጥ ገብቶ «እዚህ ላይ ጀምር፣ እዚህ ላይ ጨርስ» ብሎ በእጁ መጻፍ ይኖርበታል። ከውጭ ተገዝቶ የተቆለፈው ዋና ሲስተም ውስጥ መግባት ካልተቻለ፣ በሩ ላይ መቆም ይቻላል፤ የገባውንና የወጣውን ከነሰዓቱ መመዝገብ። የውስጡን ክፍል ባያሳይም፣ ጥያቄው ገብቶ አለመውጣቱን ያሳያል። ለብዙ ቅሬታ ይህ በቂ ነው።

ከሁሉም የመጣው ምልክት ኮሌክተር በተባለ አንድ መቀበያ ይሰበሰባል። ጥቅሙ ሁለት ነው። አንደኛ፣ የስልክ ቁጥርና ስም የመሰሉ መረጃዎችን ከመጋዘን ከመግባታቸው በፊት ያጣራል። ሁለተኛ፣ ተቋሙ ነገ ማሳያ መሣሪያውን መቀየር ቢፈልግ ፕሮግራሞቹን እንደገና መነካካት አይጠበቅበትም። ከአንድ ሻጭ ጋር ለዘለዓለም መታሰር ቀረ ማለት ነው።

ችግሩ የሚነሳው በመገጣጠሚያዎቹ ላይ ነው። ከአሥር ፕሮግራም ዘጠኙ ቁጥሩን በትክክል ቢያቀብሉና አንዱ ቢጥለው፣ ዱካው ለሁለት ይቆረጣል። ብዙ ጊዜ የሚቆረጠውም ሥራ ለጊዜው ተራ ይዞ በሚጠብቅበት ወረፋ ላይ ነው። ስለዚህ መሣሪያው ተተክሏል ማለት ሳይሆን፣ አንድ ክፍያ ከመነሻው እስከ መድረሻው ሳይቆረጥ ታይቷል ማለት ነው ፈተናው።

ሌላው መገጣጠሚያ ሰዓት ነው። ሰርቨሮቹ ሰዓታቸው ካልተመሳሰለ፣ ተቀባዩ ላኪው ከመላኩ በፊት የተቀበለ ይመስላል። ኢትዮጵያ ውስጥ ደግሞ ተጨማሪ ወጥመድ አለ። ደንበኛው «መጋቢት 6፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ነው የላክሁት» ይላል። አፑ 21፡00 ብሎ መዝግቦታል። በዓለም አቀፍ ሰዓት የሚሠራው ሰርቨር ደግሞ 18፡00 ይለዋል፤ ቀኑንም እንደ ፈረንጆቹ ይጽፋል። ሦስቱም አንድ ደቂቃ ናቸው። በስልክ ቅሬታ የምትቀበለው ሠራተኛ 3 ሰዓትን ከሌሊቱ ዘጠኝ ጋር አምታታ ብትፈልግ ምንም አታገኝም፤ «እንዲህ ያለ ዝውውር የለም» ብላ ትዘጋዋለች። ይህ በሰዓት ቅየራ ብቻ የሚጠፋ የሰው ገንዘብ ነው። ቁጥር ቢኖር ስለ ሰዓቱ መከራከርም ባላስፈለገ።

አንድ ነገር ግን መለየት አለበት። ኩባንያዎች ወጪ ለመቆጠብ ዱካውን ሁሉ አያስቀምጡም፤ ከመቶው ጥቂቱን ናሙና ይወስዳሉ። ፊልም ለሚያሳይ ድርጅት ይህ አይጎዳም። ለገንዘብ ግን አይሆንም። የባለሙያው ዝርዝር ዱካ በናሙና ሊቀመጥ ይችላል፤ የክፍያው መለያ ቁጥርና የቅብብሎሹ ሰዓት ግን ለእያንዳንዱ ክፍያ፣ ያለ ናሙና፣ መቀመጥ አለበት።

◾ ማየት ያልቻለ ሲፈርድ

ይህ የባለሙያዎች ጉዳይ ብቻ ለሚመስለው፣ የብሪታንያ ፖስታ ቤት ታሪክ አለ።

ፖስታ ቤቱ እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ ሆራይዘን የተባለ የሂሳብ ሲስተም በየቅርንጫፉ አስገባ፤ የሠራው በፉጂትሱ ባለቤትነት ሥር የነበረ ድርጅት ነው። ቅርንጫፎቹን በውል የሚያስተዳድሩት ተራ ሰዎች ነበሩ። ሲስተሙ «ጎደለ» ያላቸውን ከኪሳቸው እንዲከፍሉ ተደረገ። ለእርዳታ ሲደውሉ ብዙዎቹ የሰሙት አንድ ዓይነት መልስ ነበር፦ ይህ ችግር የገጠመህ አንተ ብቻ ነህ። ብቻቸውን አልነበሩም። እስከ 2015 ድረስ ከ900 በላይ ሰዎች በስርቆት፣ በማጭበርበርና በሐሰተኛ ሂሳብ ተፈረደባቸው። ነፍሰ ጡር ሆና የታሰረች አለች። ቤታቸውን የሸጡ፣ ትዳራቸው የፈረሰ፣ ራሳቸውን ያጠፉም አሉ።

በታኅሣሥ 2019 የለንደን ከፍተኛ ፍርድ ቤት ሲስተሙ ስህተት እንደነበረበት፣ የፉጂትሱ ሠራተኞችም ቅርንጫፉ ሳያውቅ ከርቀት ገብተው ሂሳብ መቀየር ይችሉ እንደነበር በፍርድ አረጋገጠ። በግንቦት 2024 ፓርላማው ፍርዶቹን በጅምላ የሚሰርዝ ሕግ አወጣ። ሃያ ዓመት ግን አይመለስም።

ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት «ኮምፒውተር ይሳሳታል» የሚል ብቻ አይደለም፤ ያንን ሁሉም ያውቃል። ዋናው ቅርንጫፏን የያዘችው ሴት የምታየው የመጨረሻውን ድምር ብቻ መሆኑ ነው። ወደ ድምሩ የመጣበትን መንገድ የሚያሳያት ማንም አልነበረም። መንገዱን ማየት የሚችለው ወገን ከሳሽ ሆነ፤ ማየት የማይችለው ተከሳሽ። የኢትዮጵያ ባንክ ውስጥ ጉድለት ሲወጣ መጀመሪያ የሚጠየቀው ማን ነው? ገንዘብ ከፋዩዋ ወይስ ሲስተሙ? መልሱን የባንክ ሠራተኞች ሁሉ ያውቁታል።

◾ የመጋቢት 6 ሌሊት

መጋቢት 6 ቀን 2016 ዓ.ም. አርብ ሌሊት በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የሆነውን የረሳ የለም። ደንበኞች በሂሳባቸው ካለው በላይ ማውጣትና ማዘዋወር እንደሚችሉ አወቁ። ወሬው በስልክና በቴሌግራም ከግቢ ግቢ ዞረ፤ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ኤቲኤም ላይ ተሰለፉ። ንጋት ላይ የባንኩ አገልግሎት ቆሞ ነበር። ባንኩ የሳይበር ጥቃት አይደለም አለ። ብሔራዊ ባንክም ችግሩ ከጥገናና ከፍተሻ ሥራ ጋር የተያያዘ መሆኑን ገለጸ። ያለአግባብ ወጣ የተባለው ገንዘብ 801 ሚሊዮን ብር ገደማ ነበር። ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪዎቻቸው እንዲመልሱ ማስታወቂያ ለጠፉ፤ አብዛኛው ተመለሰ፤ ያልመለሱት ሰዎች ስምና ፎቶ ለሕዝብ ወጣ።

የሌላ ሰው ገንዘብ የወሰደ መመለሱ ተገቢ ነው፤ በዚህ ላይ ክርክር የለም። ሚዛኑ ግን ይታይ። የደንበኞቹ ዱካ እስከ ፎቶግራፋቸው ድረስ ተገኘ። የስህተቱ ዱካስ? ሕዝቡ የሚያስታውሰው ማብራሪያ «የሲስተም ችግር» የሚለውን ነው። የመጀመሪያው ያልተገባ ክፍያ በስንት ሰዓት ወጣ? «ወጪ ከቀሪ ሂሳብ በልጧል» የሚል ደወል ነበረ? ከነበረ ማን ሰማው? ከዶርም ወደ ዶርም የሮጠው ወሬ ወደ መቆጣጠሪያ ክፍሉ ለመድረስ ስንት ጊዜ ፈጀበት? እነዚህ ጥያቄዎች አንድን ባለሙያ ለመቅጣት የሚጠየቁ አይደሉም። ሌላው ባንክ ሁሉ በነጋታው ጥገና ሲያደርግ ምን እንዲጠነቀቅ የሚነግሩ ናቸው።

መሣሪያ ብቻውን እንደማያድን የሚያሳይ ታሪክም አለ። ናይት ካፒታል የተባለ የአሜሪካ የአክሲዮን ድርጅት እ.ኤ.አ. ነሐሴ 1 ቀን 2012 አዲስ ኮድ ሥራ ላይ አዋለ። ከስምንት ሰርቨሮች ሰባቱ ላይ ተጫነ፤ አንዱ ተዘነጋ። ገበያው ተከፍቶ በ45 ደቂቃ ውስጥ ድርጅቱ ከ440 ሚሊዮን ዶላር በላይ ከሰረ። የአሜሪካ ተቆጣጣሪዎች ሲመረምሩ ምን አገኙ? ገበያው ከመከፈቱ በፊት ሲስተሙ ራሱ ስህተቱን የሚጠቁሙ 97 የኢሜይል መልእክቶች ለሠራተኞች ልኮ ነበር። ያነበበና እርምጃ የወሰደ አልነበረም፤ መልእክቶቹ እንደ ደወል እንዲታዩ አልተሠሩምና። ሲስተሙ ተናግሯል፤ የሰማው አልነበረም። ለጎብኚ እንዲያምር ግድግዳ ላይ ትልቅ ስክሪን መስቀል ማየት አይባልም። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ስልኩ የሚጮህ፣ ጮኾም አገልግሎቱን የማቆም ሥልጣን የተሰጠው ሰው ሲኖር ነው ማየት የሚባለው።

◾ የሚነሱ መከራከሪያዎች

«ወጪው ይከብዳል» ይባላል። ሶፍትዌሩ ነፃ ቢሆንም ማከማቻውና ባለሙያው ነፃ አይደሉም፤ እውነት ነው። ጎበዝ የሆነው ባለሙያ ደግሞ እዚሁ ተቀምጦ በዶላር ለውጭ ድርጅት ይሠራል። ነገር ግን የአሁኑም አሠራር ወጪ አለው። ወጪው በባንኩ መዝገብ ላይ ስለማይጻፍ እንጂ፣ በየቅርንጫፉ ቅሬታ በእጅ የሚያጣሩ ሠራተኞች፣ ብሩ ተይዞበት ዕቃ ሳይጭን የቀረ ነጋዴ፣ ለሁለተኛ ጊዜ የከፈለ ሹፌር እየከፈሉት ነው።

«ለሌባ በር መክፈት ይሆናል» የሚሉም አሉ። የተጠየቀው ግን የካዝናውን ቁልፍ አይደለም። ባንኮች የውስጥ አሠራራቸውን ለተፎካካሪ አያሳዩም፤ ማሳየትም የለባቸውም። የሚያስፈልገው በእጅ ለእጅ ቅብብሎሹ ላይ ሁለት ነገር ብቻ ነው፦ መለያ ቁጥሩና ሰዓቱ። የደንበኛ መረጃን በተመለከተ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አለ፤ ዱካው ስምና ስልክ ሳይዝ በቁጥር ብቻ መሥራቱ ከአዋጁ መንፈስ ጋር ይስማማል።

«ጥፋቱ የኔትወርክና የመብራት ነው» የሚለው ሦስተኛው ነው። ብዙ ጊዜ ልክ ነው። ዱካው የሚያስፈልገውም ለዚሁ ነው። ዛሬ የቴሌኮሙ ጥፋት፣ የመብራቱ ጥፋትና የራሱ የባንኩ የኮድ ስህተት «ኔትወርክ» በሚል አንድ ጆንያ ይታሰራሉ። ያልበደለው ከበደለው ጋር አብሮ ይወቀሳል። ንጹሕ የሆነ ተቋም ዱካው እንዲታይ ከማንም በፊት መጠየቅ ነበረበት።

◾ ምን ይደረግ?

አንደኛ፣ አንድ ክፍያ አንድ ቁጥር ይኑረው። ቁጥሩ ከአፑ ወይም ከአጭር ቁጥሩ ተነስቶ፣ በኢትስዊች አልፎ፣ ተቀባዩ ጋ እስኪደርስ አይቀየር። በላኪውም በተቀባዩም አጭር መልእክት ላይ ይውጣ። የካርድ ክፍያ ዓለም አቀፍ ደረጃ ለዚህ የሚያገለግል 12 አሃዝ ማጣቀሻ ካወጣ አሥርተ ዓመታት ሆነው፤ አዲስ ፈጠራ አያስፈልግም። ደንበኛው በየትኛውም ባንክ ቁጥሩን ሲያሳይ «እዚህ ደርሶ ቆሟል» ሊባል ይገባል።

ሁለተኛ፣ የጊዜ ገደብና ካሳ ይቀመጥ። የሕንድ ማዕከላዊ ባንክ እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ ኤቲኤም ብር ሳይሰጥ ሂሳብ ከቀነሰ፣ ባንኩ በ5 ቀን ውስጥ እንዲመልስ፣ ካለፈ ደግሞ ለእያንዳንዱ ቀን 100 ሩፒ ለደንበኛው እንዲከፍል አዝዟል፤ ደንበኛው አቤቱታ እስኪያቀርብ ሳይጠበቅ። መቶ ሩፒ ትንሽ ናት። በሚሊዮን ክፍያ ስትባዛ ግን የባንክ አመራር ስለ ዱካ እንዲያስብ ታደርጋለች።

ሦስተኛ፣ ከትልቅ መቋረጥ በኋላ ሪፖርት ይውጣ። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከጥር 2025 ጀምሮ ሥራ ላይ ባዋለው ሕግ፣ የፋይናንስ ተቋማት ከባድ የቴክኖሎጂ ችግር ሲደርስባቸው ለተቆጣጣሪው ወዲያው እንዲያሳውቁ፣ በኋላም መንስኤውን የያዘ የመጨረሻ ሪፖርት እንዲያቀርቡ ግዴታ ጥሏል። ብሔራዊ ባንክ ይህንኑ መጠየቅ፣ ከዚያም የሕዝቡን አጭር ቅጂ ማውጣት ይችላል፦ መቼ ጀመረ፣ ምን ነበር፣ ማንን ነካ፣ ዳግም እንዳይደርስ ምን ተደረገ። ስም ማውጣት አያስፈልግም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የሚባለው ለሰው ብቻ አይደለም።

አራተኛ፣ ግዢው ላይ ይታሰብበት። ከውጭ ሲስተም የሚገዛ ባንክ ወይም የመንግሥት ተቋም በውሉ ውስጥ «ሲስተሙ ዱካውን በክፍት ደረጃ ያወጣል» የሚል አንቀጽ ያስገባ። ከተፈረመ በኋላ መለመን ነው፤ ከመፈረሙ በፊት ግን ገዢ ጌታ ነው።

አምስተኛውና ዋናው የማስረጃ ሸክም ነው። መንገዱን ማየት የሚችለው ተቋሙ ከሆነ፣ ማስረዳት ያለበትም እሱ ነው። ዱካውን ማሳየት ያልቻለ ባንክ ጉድለቱን በደንበኛው ወይም በገንዘብ ከፋዩዋ ላይ ማውረድ አይገባውም።

ቴሌብር ከተጀመረበት ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ አገሪቱ ጥሬ ገንዘብን ወደኋላ እየተወች ነው። ነዳጅ በስልክ ሆነ፤ የመንግሥት አገልግሎት ክፍያ በስልክ ሆነ። ጥሬ ብር ብዙ እንከን ነበረው፤ አንድ ጥቅም ግን ነበረው፤ በእጅ ያለው በእጅ፣ የሌለው የለም። ያንን እርግጠኝነት ከሕዝቡ የወሰደ ሥርዓት በምትኩ ሌላ እርግጠኝነት የመስጠት ዕዳ አለበት።

ደንቡ እስኪመጣ ድረስ ደንበኛው ራሱ የሚጀምረው ነገር አለ። «ሲስተም የለም» ሲባል ዝም ብሎ ወደ ወንበሩ አይሂድ። የማጣቀሻ ቁጥሩን ይጠይቅ፣ ሰዓቱን ከነቀኑ ይጻፍ፣ ቅሬታውን በጽሑፍ ያስገባ። አንድ ሰው ሲጠይቅ «እየታየ ነው» ይባላል። ብዙ ሰው በየቀኑ ቁጥር ይዞ ሲጠይቅ ግን፣ አንድ ቦታ ላይ አንድ ሰው በእርግጥ ማየት ይጀምራል።